ሃያ አራተኛዋ ሃሽታግ

ሰው በአጭር ቪዲዮ ታዋቂ ሲሆን መንገድ ላይ ያስቆሙታል፤ አብረን ፎቶ እንነሳ ይሉታል። እኔ ታዋቂ ስሆን የቆሙት ሽማግሌዎች ናቸው። ያውም እኔው ራሴ ሚስት ሊጠይቁልኝ የላክኋቸው ሽማግሌዎች፤ ያውም በሰው ቤት፣ ተቀመጡ ሳይባሉ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ።

ይበልጣል እባላለሁ። ከቡሬ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ዋናው ሥራዬም በርበሬ ነው። ችግኙ መቼ እንደሚዛወር፣ ሥሩ ለምን እንደሚበሰብስ፣ ፍሬው መሬት ሳይነካ እንዴት እንደሚደርቅ ለገበሬው አስረዳለሁ። ገበሬው ስማርት ስልክ መያዝ ሲጀምር እኔም ምክሬን በአንድ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ መልቀቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቪዲዮዬ አሥራ አንድ ጊዜ ታይቷል ብሎ ስልኩ ነገረኝ። ከአሥራ አንዱ አራቱ እኔ ነበርኩ።

ብርቄን ያወቅኋትም በዚሁ በርበሬ ምክንያት ነው። ቡሬ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ለትምህርት ቤቱ ጓሮ ችግኝ ስወስድ ተማሪዎቿን ይዛ መጣች፤ እንዴት እንደሚተከል ካሳየኋት በኋላ መልሳ እኔን አስተካከለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ትምህርት ቤት በርበሬ ከወረዳው ሁሉ በላይ ባለሙያ ይመላለስበት ጀመር። አባቷ የኔታ ሞገስ ፍኖተ ሰላም ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ድጓ የሚያስተምሩ የዜማ ሊቅ ናቸው። በእኛ አገር ወግ ደግሞ ሽማግሌ የሚላክባት ልጅ ላኪውን አታውቀውም፤ ቢያንስ ቤቷ ውስጥ አታውቀውም። ስለዚህ ብርቄና እኔ ለአንድ ዓመት ያህል በሚገባ ተዋውቀን ሳንተዋወቅ ኖርን።

በመሃል ቡሬ ላይ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አንድ የግማሽ ቀን ስልጠና ተሰጠ። አሰልጣኙ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ መነጽሩን ፀጉሩ ላይ የሰካ ወጣት ነው። የእኔን ቪዲዮ በትልቁ ስክሪን ላይ ከፍቶ ሥሩ የጻፍኩትን #በርበሬ የሚል ሃሽታግ ሲያይ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

«ብሮ፣ በርበሬ ብሎ የሚፈልግ ማን ነው?» አለኝ።

«በርበሬ የሚያመርት ሰው» አልኩት።

«ስንት ሰው ነው እሱ? ሕዝቡ ያለበት ሂድ! ሕዝቡ ሰርግ ይፈልጋል፤ ፍቺ ይፈልጋል፤ አሜሪካ ይፈልጋል። ቪዲዮህ ስለ ምንም ይሁን፣ አንተ እነሱን ጻፍ። ዋናው መግባታቸው ነው።»

ይህን ጥበብ በደብተሬ ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት።

እውነቱን ለመናገር ዘዴው ሠራ። ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ ስለማዛወር የሚያስረዳው ቪዲዮዬ #ፍቺ እና #ክህደት ተለጥፎበት በአንድ ቀን ከወረዳችን ገበሬ የበዛ ሰው አየው። ኮሜንቱም ጎረፈ። «ማን ነው የተፋታው?» ይላል አንዱ። «ለእኔ ብቻ ነው በርበሬ የሚታየኝ?» ትላለች ሌላዋ። አንዱ ከነእናቴ ሰደበኝ። እኔ ግን ቁጥሩን ነበር የማየው፤ የሚሰድብም ሰው እኮ ተመልካች ሆኖ ይቆጠራል። ተከታዮቼ ሲበዙ አረማመዴ ሳይቀር ተቀየረ። ሃያ ሦስት ሃሽታግ ያለው ዝርዝር አዘጋጅቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩና ቪዲዮ በለቀቅኩ ቁጥር ሙሉውን እለጥፈው ጀመር። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት የራሴን እጨምር ነበር። እሷን በቦታዋ ታገኟታላችሁ።

የታህሳስ በርበሬ ሲደርስ እትዬ ያልጋነሽ የምትባል ጎበዝ ገበሬ ምርቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በእንጨት አልጋ ላይ አደረቀች። አንድም ፍሬ ሳይሻግት ወጣላት። ልንቀርጻት ስንሄድ «እንዲህ ሆኜማ አልታይም» ብላ ነጭ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ተኳኩላ መጣች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አስረዳሁ፤ እሷ ደግሞ ቀዩን በርበሬ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ስልኩን ይዘው የቀረጹን ባሏ ናቸው። አያ ፈንቴ ይባላሉ። ሃያ ሦስቱን ለጠፍኩና ለቀቅኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የታየ ቪዲዮ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ነው ሽማግሌዎቹን የላክሁት። አያ ፈንቴ አንደበታቸው የተከበረ ስለሆነ መሪው እሳቸው ሆኑ፤ ሁለት የቀበሌያችን አዛውንቶች ተከተሏቸው። ቅዳሴ ሲወጣ ወደ የኔታ ቤት ገቡ። ላኪው አብሮ አይሄድምና እኔ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሻዩ ሳይበርድ ስልኬ ጮኸ።

«ይበልጣል» አሉ አያ ፈንቴ።

«አቤት አያ! ምን አሉ?»

«አንተ፣ ሚስት አለህ እንዴ?»

የሚቀልዱ መሰለኝና ሳቅኩ። «ምነው አያ፣ እርስዎ አያውቁኝም?»

«እኔማ የማውቅህ ይመስለኝ ነበር። የኔታ ባለትዳር ነው ይላሉ። ሰርጉን በስልክ አይተነዋል፣ ዓለም ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል ይላሉ። አመጡና አሳዩን።»

«ምኑን ነው ያሳዩዎት?»

«ሙሽራዋን አየኋት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያልጋነሽ ናት።»

ሻዩ በየት በኩል እንደወረደ አላውቅም። «አያ፣ እሱ እኮ...»

«ባጃጅ ያዝና ና። እኔ ከዚህ ቆሜ የገዛ ሚስቴን ሰርግ ላስረዳ አልችልም።»

ባጃጁ ላይ ስሆን የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ ነበር። ብርቄን የማጣት ፍርሃት። የኔታ እንቢ ካሉ ሁለተኛ የሚላክ ሽማግሌ የለም፤ ሐሰተኛ የተባለን ልጅ ማን ይዞ ይሄዳል? ብርቄም አባቷን አልፋ እንደማትመጣ አውቃለሁ፤ እንድትመጣም አልፈልግም ነበር።

ስገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በተርታ ቆመዋል። የኔታ ቆዳ በተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን ናቸው፤ ዓይናቸው በደንብ አያይም፤ ጆሯቸው ግን ኮሽታ አያመልጠውም። ጉልበት ሳምኩ። ተነሥ አሉኝ እንጂ ተቀመጥ አላሉኝም። አራተኛ ሆኜ ከተርታው ቆምኩ።

«የወንድሜ ልጅ ቡሬ ካምፓስ ይማራል» ብለው ጀመሩ፣ ቀስ ብለው። «ሽማግሌ ሊመጣ ነው ብዬ ስነግረው፣ ልጁን በስልክ አውቀዋለሁ ብሎ ቪዲዮህን አሳየኝ። አላየሁትም፤ እልልታውን ግን ሰማሁት። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍም አነበበልኝ። ጽሑፉ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው የኔታ።»

«ማንም አልጻፈብህም?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ቃልህ ነው።» ከትራሳቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡና ሰጡኝ። «አንብበው።»

ወረቀቱን ስዘረጋው ሃሽታጎቼ ከላይ እስከ ታች ተጽፈዋል። እጅ ጽሑፉን አወቅሁት። ያ ክብ ክብ የሚል፣ ጥቁር ሰሌዳ የለመደ ፊደል የብርቄ ነው። የክስ ወረቀቴን የጻፈችው እሷ ናት። አባቷ ከስልኩ ላይ ገልብጪ ሲሏት ምን ልትል ትችላለች? ይሄ እኮ ለተመልካች ማብዣ ነው ብላ እንዳታስረዳ፣ አንቺ በምን አወቅሽ ይሏታል። ልታድነኝ የምትችለው ብቸኛዋ ሰው ዝም ማለት ያለባት እሷ ነበረች።

«ቆይ፣ ከማንበብህ በፊት» አሉ የኔታ። «ከቃሉ ፊት እንደ መስኮት ፍርግርግ ያለች ምልክት አለች አሉኝ። ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ሃሽታግ ትባላለች የኔታ። ሰው ያንን ቃል ሲፈልግ ቪዲዮው ጋ ታደርሰዋለች። ያው መንገድ መሪ ናት።»

በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። «እኛም አለችን እኮ! ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ አንድ ሁለት ፊደል አሳንሰን እንጽፋለን። ተማሪው ያቺን ሲያይ፣ ይህን ቃል እዚያ ጋ በተማርኸው ዜማ በለው ማለት መሆኑን ያውቃል። ይሄዳል፣ ያገኛል፣ ያዜማል። አሁን እኔ በልደት ቃል ላይ የትንሣኤን ምልክት ብጽፍ፣ ተማሪው ምን ያደርጋል?»

«በልደት የትንሣኤ ዜማ ያዜማል።»

«ማን አጠፋ? እሱ ነው እኔ?»

«እርስዎ ነዎት የኔታ።»

«እኔ ነኝ። በል አሁን አንብብ።»

አሰልጣኛችን ግማሽ ቀን ፈጅቶ ያላስረዳንን ሃሽታግ እኒህ ስልክ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። አፈርኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ።

«ሰርግ።»

«ሰርግ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ቀጥል።»

«ሙሽሮች።»

«ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

«ባልና ሚስት» ብዬ ቀጠልኩ።

«እሷስ ባል አላት» አሉ አያ ፈንቴ ከጎኔ።

«ጫጉላ» አልኩ፤ ድምፄን እኔ ራሴም አልሰማሁትም። አያ ፈንቴ ባርኔጣቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «መንታ ልጆች።»

«መንታ አለ?» አሉ የኔታ።

«የለም። አሜሪካ።»

«ቦታው የት ነው?»

«ቡሬ ነው የኔታ። ከቡሬም ትንሽ ወጣ ይላል።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። «ክህደት። ፍቺ።»

አያ ፈንቴ ከዚያ በላይ አልቻሉም። «ምነው ልጄ! ዳርካት፤ ጫጉላ አስገባሃት፤ መንታ አስወለድካት፤ ደግሞ አፋታሃት። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ የት ነበርኩ?»

«ሲቀርጹ ነበር አያ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አያ ፈንቴ ወደ የኔታ ዞረው፣ ሴትዮዋ ሚስታቸው መሆኗን፣ ስልኩን የያዙት እሳቸው መሆናቸውን፣ በዚያ ቀን ከበርበሬ በቀር የተዳረ ነገር አለመኖሩን በእግዚአብሔር ስም ተናገሩ። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። የኔታ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ሚስት እንደሌለው ተረዳሁ። እኔን አሁን ያስጨነቀኝ እሱ አይደለም። ሐሰት መሆኑን እያወቀ በእጁ የጻፈ ሰው ነው ቤቴ የቆመው። ነገ ልጄን ምን ብሎ ይጽፋታል? ለመሆኑ በርበሬስ የት አለ? በርበሬ ነው ያላችሁኝ፤ እስካሁን በርበሬ የሚል አልሰማሁም።»

ዝርዝሩን እስከ መጨረሻ አየሁት፤ የማውቀውን ነገር ለማረጋገጥ ያህል ነው። «የለም የኔታ።»

«ስንት አነበብህ?»

የቀሩትን ጨረስኩ፤ ድራማውን፣ ቪዛውን፣ ኳሱን። «ሃያ ሦስት ናቸው።»

የኔታ የዝንብ ጭራቸውን አንዴ ወዝወዝ አደረጉ። ከዚያ ረጋ ብለው «አንድ ቀረች» አሉ።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

«የወንድሜ ልጅ ያነበበልኝ ሃያ አራት ነው። አንድ ጊዜ የሰማሁት አይጠፋኝም፤ እድሜ ልኬን ስሠራ የኖርኩት እሱን ነው። ከመቶ ተማሪ መሃል አንዱ አንድ ቃል ሲዘል እሰማለሁ። ብርቄ!»

ከጓዳ ወጣች። ሽማግሌ ፊት መውጣት አልነበረባትም፤ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባዋለች፤ እኔን አላየችኝም።

«ይህን የገለበጥሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ሃያ አራተኛዋ የት ገባች?»

«ዘልያት ይሆናል።»

«አንቺ? የስድሳ ተማሪ ስም በቃልሽ የምትጠሪ?»

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አያ ፈንቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ብርቄ ቀና አለችና አባቷን እያየች ተናገረች።

«ከሐሰቶቹ ጋር አብራ እንድትነበብ አልፈለግሁም።»

ሃያ አራተኛዋ #ብርቄ ነበረች። እንዲህ ነው የሆነው፦ ብርቄ ስልኳን ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚያነሳው ልትከተለኝም፣ ላይክ ልታደርገኝም አትችልም ነበር። ገና አሥራ አንድ ሰው በሚያየኝ ዘመን «ታዲያ እንዴት ታገኚኛለሽ?» ስላት «ስሜን ጻፍበት፤ ፈልጌ አገኘዋለሁ» ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ ስም የለቀቅሁት ቪዲዮ የለም። ሃያ ሦስቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲያመጡ፣ ይህቺ ሁልጊዜ የምታመጣው አንድ ሰው ነበር።

«ይህቺስ?» አሉኝ የኔታ። «ይህቺም ለገበያ ናት?»

«አይደለችም የኔታ። ሌሎቹን ለሕዝቡ ነው የጻፍኳቸው። እሷን ለአንድ ሰው ነው።»

«አንዱ ሰው አገኘው?»

ለዚህ መልስ መስጠት የእኔ ፈንታ አልነበረም። ብርቄ ወግ አጠፋች ቢባል የምትዋረደው እሷ ናት። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ «አገኘሁት አባዬ፤ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ» አለች። እንደዚያች ቅጽበት ሰው ወድጄ አላውቅም።

የኔታ ሲናገሩ ድምፃቸው ለስለስ ብሏል። «የወንድሜ ልጅ ሲያነብልኝ ሰምቻት ነበር። ለዚህ ነው አንቺው ገልብጪ ያልኩሽ፤ የዘለልሽ እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ቪዲዮ ነው እንዲህ ያጠፋኸው?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ተማሪ ሲሳሳት እናርመዋለን። በል አርም። አሁን፣ እዚሁ። ሽማግሌዎቹም ይጠብቁሃል።»

«ቆመን?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ቆማችሁ።»

እናንተ ሆዬ፣ የዚያን ቀን ኔትወርክ! አንዱን ሃሽታግ አጥፍቼ አስቀምጥ ስለው ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ሽማግሌዎቹ እግር ይቀያይራሉ። መታረም የሚችለውን አረምኩ፤ አልታረም ያለውን ቪዲዮውን ራሱን አጠፋሁ። አያ ፈንቴ አንገታቸውን ወደ ስልኬ እያሰገጉ «ይሄኛው ላይ ደግሞ ማንን ነው የዳርኸው?» ይሉኛል።

የእትዬ ያልጋነሽ ቪዲዮ ላይ ስደርስ አልታረምም አለ። ያለው ምርጫ ማጥፋት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጣቴ ቆመች። የዚያን ያህል ሰው ዳግመኛ እንደማያየኝ አውቃለሁ። ስድቡም፣ ቁጥሩም፣ አረማመዴም እዚያ ውስጥ ነበር። ቀና ስል ብርቄ ከጓዳው በር ላይ ጣቴን እያየች ነው። ለካ እስካሁን የኔታ የፈተኑኝ ፈተና አልነበረም፤ ፈተናው ይሄ ነበር።

አጠፋሁት።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ «ጨረስኩ» አልኩ። የኔታ ከመጨረሻው ቪዲዮ ሥር የቀረውን እንዳነብላቸው አዘዙኝ። «በርበሬ። ቡሬ። ማድረቅ» ብዬ ቆምኩ።

«አንድ ቀረች» አሉ።

«ብርቄ» አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቷ ፊት።

የኔታ ሽማግሌዎቹን በዓይናቸው ፈልገው አገኟቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ሽማግሌ ተቀመጡ ከተባለ በእኛ አገር ነገሩ አልቋል። አያ ፈንቴ አግዳሚው ላይ ሲያርፉ ያሰሙት «እፎይ» ከሚስታቸው እልልታ አያንስም ነበር። ጥር ላይ ተዳርን። እትዬ ያልጋነሽ ያንኑ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መጣች፤ አያ ፈንቴ ግን የማንንም ስልክ አልይዝም ብለው ማሉ።

አሁን እንዴት ነህ ብትሉኝ፣ ያ ሁሉ ተከታዬ ሰርግ ሲጠብቅ ቆይቶ እያጉረመረመ ሄዷል። ጥቂት ቀርተውልኛል። የቀሩት ግን ሲጽፉልኝ ስለ ሙሽራ አይጠይቁኝም። «የእኔ ችግኝ ከሥሩ እየጠወለገ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይሉኛል፤ ፎቶ ይልካሉ፤ እመልስላቸዋለሁ፤ ሲድንላቸው ለጎረቤታቸው ያሳያሉ። ጎረቤቱም በርበሬ ብሎ ጽፎ ይመጣል። እናንተም ቪዲዮ የምትለቁ ከሆነ፣ ሃሽታግ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ ፊታችሁ ተቀምጠው «ነበር?» ብለው ሲጠይቋችሁ ይታያችሁ። አልነበረም የምትሉ ከሆነ አትጻፉት። ሕዝቡ ያለበት መሄድ ቀላል ነው፤ የሚፈልጋችሁ ሰው ግን እዚያ ግርግር ውስጥ አያገኛችሁም።

ከእያንዳንዱ ቪዲዮዬ ሥር አሁን አራት ሃሽታግ ብቻ ታያላችሁ። ሦስቱ ለእናንተ ናቸው።